ሦስት ሥጋት፣ አንድ ሜዳ

በአንድ ወቅት፣ ሰማዩ ለክረምት መጥቆር በጀመረበት ሰሞን፣ የአንድ እናት ልጆች የሆኑ ሦስት ሰዎች ከአንድ ሾላ ሥር ተቀምጠው ይጨቃጨቁ ነበር። ጭቅጭቁ የተጀመረው ጠዋት ነው። እኛ የምንደርስባቸው ግን የሾላው ጥላ እግራቸው ሥር ተሰብስቦ፣ ጉሮሯቸውም ደርቆ ሳለ ነው።

«ገደሉን እግዜር ነው የሠራው» ትላለች መካከለኛዋ ይታይሽ። «እግዜር የሠራው ደግሞ የተፈጥሮ አደጋ ይባላል።»

«ገደሉንስ እግዜር ይሥራው» ይላል ታናሽ ወንድሟ ጓዴ። «ጥዱን ማን ጨፈጨፈው? እግዜር መጥረቢያ ይዞ ሲወጣ ያየ አለ?»

ከበው የቆሙት ሳቁ። ታላቃቸው አንማው አልሳቀም። በበትሩ ጫፍ መሬቱን እየጫረ፣ ቀና ሳይል፣ «ከሰሉን እንደሆን ስትሞቀው የኖርከው አንተ ነህ» አለ።

«መች አልሞቅኩም አልኩ፣ አያ? የት ይመደብ ነው የምለው።»

«ተወው እሱን» አለች ይታይሽ። «የተቆረጠ ዛፍ በክርክር አይበቅልም።»

ከወረዳ የመጣችው ባለሙያ ወይዘሪት ዝናሽ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አንዴ ሦስቱን፣ አንዴ ሰማዩን ታያለች። የመጣችበት መኪና የቤት መሥሪያ ቆርቆሮና ምሰሶ ከጫነ ሌላ መኪና ጋር ከወንዙ ማዶ ቆሟል። ላይኛው አገር ዘንቦ ወንዙ ከሞላ፣ እሷም ወደ መኪናው፣ ቆርቆሮውም ወደዚህ መሻገሪያ አይኖራቸውም።

አገሩ ጥድ አምባ ይባላል። ጥድ ግን የለበትም፤ የቀረው ስሙ ነው። በጥድ አምባ ሦስት ጎጦች አሉ። ከሦስቱ በአንዱም ሰው ክረምትን ልቡ አርፎ አይከርምም።

አንማው የሚኖረው ገደል ሥር በሚባለው ጎጥ ነው። ጎጡ ስሙ እንደሚለው ከገደሉ ሥር ተለጥፎ የተሠራ ነው። በአባቶቻቸው ዘመን ገደሉን ከአናቱ እስከ ወገቡ ጥድ ይዞት ነበር ይባላል። አንማው ጎልማሳ ሳለ ጥዱን ቆርጦ ከሰል አክስሏል፤ እሱ ብቻ አይደለም፣ ግን ከሁሉ የበረታው እሱ ነበር። አሁን የገደል ሥር ሰዎች ቤት በሮች አይገጥሙም። ትናንት የተዘጋ በር ዛሬ መቃኑ ተጣሞ ይገኛል። ምንጫቸውም ጠርቶ ይወርድ የነበረው፣ ቀይ ጭቃ ይዞ መውረድ ጀምሯል። ገደሉ እስካሁን ማንንም አልገደለም። ከገደለ ግን አንድ ሰው መርጦ አይደለም።

ይታይሽ የተዳረችው ወንዝ ዳር ነው። ወንዝ ዳር ከሦስቱ ጎጥ ሰው የሚበዛበት ነው፤ አፈሩ መልካም ስለሆነ ሁሉም ወደዚያ ይጠጋል። ወንዙም ያንኑ አፈር ስለሚወድ በየክረምቱ ይመጣል። አንድ ዓመት በቆሎ ይወስዳል፣ አንድ ዓመት በግ፣ አንድ ዓመት ሰው። ባለፈው ክረምት የወሰደው የይታይሽን ባል ፈንቴን ነው። ቤቷ ግድግዳ ላይ ውኃው የደረሰበት ምልክት አለ፤ ምልክቱ ከዓመት ዓመት ከፍ ይላል። ሰኔ ከገባ ልጆቿን የምታስተኛው ቆጥ ላይ ነው። እሷ ግን መሬት ላይ ትተኛለች። ውኃ ከገባ መጀመሪያ እሷን ያርሳታል፤ ያን ጊዜ ልጆቹን ትቀሰቅሳለች።

ጓዴ ደግሞ ካባው ደጅ በሚባለው ጎጥ ነው ጎጆ የወጣው። ካባው ድንጋይ የሚፈነቀልበት ጉድጓድ ነው። ለመንገድ ሥራ ብለው የመጡ ሰዎች ቆፈሩት፤ መንገዱ ካለቀም በኋላ አልሄዱም። ድማሚት ሊያፈነዱ ሲሉ ፊሽካ ይነፋሉ። ፊሽካውን የሰማ ሮጦ ከግንብ ጀርባ ይጠለላል፤ ከዚያ ምድር ትናጣለች፣ ድንጋይም እንደ በረዶ ይዘንባል። ሰዎቹ እንዲያቆሙ በተደጋጋሚ ተነግሯቸዋል። በተነገራቸው ማግስት ፊሽካው ይነፋል። የጓዴ ልጅ ብርቄ፣ ገና በደንብ መሮጥ ሳትለምድ፣ ከፍንዳታው ብዛት ጆሮዋ ደነቆረ። አሁን ፊሽካውን የማትሰማ እሷ ብቻ ናት።

እንግዲህ አንዱ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይበላል። አንዱ በየዕለቱ ያቆስላል። አንዱ ገና አልመጣም፤ ከመጣ የሚያስተርፈው የለም። ወይዘሪት ዝናሽ የመጣችው ከነዚህ የሚቀድመውን ለይታ እንድትመለስ ነው።

«ወረዳው ዘንድሮ ማስፈር የሚችለው አንድ ጎጥ ነው» አለች በማለዳ ሕዝቡን ሰብስባ። «የሚሰፈረው ላይ ሜዳ በሚባለው ቦታ ነው። ከላይ ሜዳ ሌላ የማይንሸራተት፣ ውኃ የማይተኛበት፣ ድንጋይ የማይደርስበት ቦታ አላገኘንም። እሱም ከአንድ ጎጥ በላይ አይችልም።»

«ለሌሎቹስ?» አለ አንድ ሰው።

«ለከርሞ እንጠይቃለን።»

ከርሞ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል።

ዝናሽ አደጋ በሁለት እንደሚከፈል አስረዳች። አንዱ የተፈጥሮ ነው፣ አንዱ ሰው ሠራሽ። እማማ ዘርፌ የሚባሉ ባልቴት ከኋላ ሆነው፣ «ልጄ፣ የኔ ሽማግሌ ከየትኛው ይመደባል?» ብለው ጠየቁ።

«ምን ያደርጋሉ?»

«በየማታው ጠጥቶ እየመጣ በሩን ይሰብራል።»

«እንግዲያ ሰው ሠራሽ ነው።»

«አይ፣ ሲወለድም እንዲሁ ነበር ይላሉ» አሉ እማማ ዘርፌ። ሰዉ ሳቀ፤ ዝናሽም ሳቀች። በዚያ ቀን የተሳቀው ብዙ አይደለም።

ዝናሽ መሬት ላይ ሦስት ክብ ሠራች፤ አንዱ የገደሉ፣ አንዱ የወንዙ፣ አንዱ የካባው። እያንዳንዱ አባወራና እማወራ አንዳንድ ጠጠር ይዞ፣ የባሰ ነው በሚለው አደጋ ክብ ውስጥ እንዲያስቀምጥ አዘዘች። ሰዉ ተራ በተራ አስቀመጠ። ሲያበቃ ዝናሽ ክምሮቹን አይታ ግራ ገባት።

«ወንዝ ዳር ሰዉ የሚበዛበት ጎጥ አይደለም?» አለች።

«ነው» አሉ የሽማግሌዎቹ ታላቅ አባ ጌጡ።

«ታዲያ እንዴት ትንሹ ክምር የሱ ሆነ? ብዙ ስለሆኑ የነሱ ክምር መብለጥ ነበረበት። አደጋ የለብንም እያሉ ነው?»

«አለባቸው እንጂ። እነሱ ግን አይናገሩትም።»

በጥድ አምባ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ሰው በገዛ ደጁ አያሟርትም። የታመመ «ደኅና ነኝ» ይላል፤ መታመሙን የሚናገረው ጎረቤቱ ነው። ቤቱ የሚቃጠልበት ሰው ቅጠል ይዞ ከእሳቱ ጋር ይታገላል እንጂ «ቤቴ ነደደ» ብሎ አይጮኽም፤ ኡኡታው የጎረቤት ድርሻ ነው። ክፉን በገዛ አፉ የጠራ፣ ክፉው አቤት ብሎት ይመጣል ይባላል። ስለ ሌላው መናገር ግን ሟርት አይደለም፣ ማዘን ነው። ስለዚህ አገሩ አንዱ የሌላውን አፍ እየጠበቀ ይኖራል። ልማዱ ብዙ ጊዜ ደግ ነው። በዚያ ቀን ግን ማንም ለገዛ ጎጡ ጠጠር ስላላስቀመጠ፣ ሰው የበዛበት ጎጥ የሚናገርለት አነሰ።

ዝናሽ ይህን ሁሉ ሰምታ ግንባሯን ያዘች። «እንግዲያ ከየጎጡ አንድ አንድ ሰው ምረጡ» አለች። «ሦስቱ ተመካክረው ይቁረጡልኝ።»

ሕዝቡ ሦስቱን የአንድ እናት ልጆች መረጠ። ወንድምና እህት አይካካዱም ብለው ነው። አባ ጌጡም ለሦስቱ አንዳንድ ጠጠር አስያዟቸውና፣ «ልማዱን ታውቁታላችሁ» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ነው ጭቅጭቁ የተጀመረው።

ይታይሽ ወደ ሾላው የመጣችው አንድ ነገር ተስፋ አድርጋ ነበር። ከሁለቱ ወንድሞቿ አንዱ «ወንዙ» እንዲል። ሌላ የፈለገችው የለም። ልጆቿ ዘንድሮም ቆጡ ላይ ናቸው፤ ቆጡን ግን ምስጥ ጀምሮታል። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ባለሙያዋ ትመጣለች ከተባለ ጀምሮ ሦስቱም እርስ በርስ ሲፈላለጉ ነበር። አንድ ጠዋት አንማው ወንዝ ዳር ወርዶ፣ «ይታይሽ፣ ፍየል ጠፍታብኛለች፤ ነይ አፋልጊኝ» አላት። ተከተለችው። ወደ ገደሉ አናት አወጣት። እዚያ ሲደርሱ ሣሩ መካከል አንድ ስንጥቅ ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር ገደሉን እንደ ዳቦ ገምሶታል። አንማው በትሩን ወደ ስንጥቁ ሰደደው፤ በትሩ ገብቶ ገብቶ ክንዱ እስከ ትከሻው ተከተለው፤ መሬት ግን አልነካም። አውጥቶ ጠረገው። ከዚያ እህቱን ዓይን ዓይኗን አያት።

«እዚህም የለችም» አለ፤ ስለ ፍየሏ።

«የለችም፣ አያ» አለች ይታይሽ።

ሁለቱም ታች ያሉትን ቤቶች አዩ። የአንማው የልጅ ልጆች አመድ ላይ ይጫወታሉ፤ ምራቱ እንጨት ትፈልጣለች። መጥረቢያው ድንጋዩን ሲነካ ድምፁ እስከ ላይ ይሰማል።

በማግሥቱ እሷ በተራዋ ወደ ጓዴ ቤት ሄደች። ጓዴ ግድግዳው የተሰነጠቀበትን በጭቃ ይለስን ነበር።

«ምን እግር ጣለሽ፣ እታለም?» አላት።

«እንዲሁ። ናፍቃችሁኝ ነው።»

ተቀመጠች። ስለ ዘር አወሩ፣ ስለ ሰርግ አወሩ። መጨረሻ ላይ ድፍረት አጠራቅማ፣ «ዘንድሮ ቆጡን ከፍ አደረግኩት» አለች።

ጓዴ እጁ ከነጭቃው ቆመ። ቀና ብሎ አያት። ሊናገር ነው ብላ ጠጋ አለች። በዚያች ቅጽበት ግን ካባው ላይ ፊሽካ ተነፋ። ጓዴ ጭቃውን ጥሎ እየሮጠ ወጣ። ብርቄ ደጅ ተቀምጣ ጀርባዋን ለካባው ሰጥታ አበባ ትለቅም ነበር። እንደ እቃ አንሥቶ ብብቱ ሥር ከቷት፣ ከግንቡ ጀርባ ሄዶ ወደቀ። ምድር ተናጠች። ድንጋዩ ዘንቦ ሲያበቃ ጓዴ ልጁን እንዳቀፈ ተቀምጦ ቀረ። ብርቄ አበባውን ልታሳየው ትሞክራለች።

ይታይሽ ነጠላዋን አራግፋ ተነሣች። ስለ ቆጥ የሚወራበት ሰዓት አልነበረም።

ወደ ሾላው እንመለስ። ከቀትር ወዲያ አባ ጌጡ፣ «ይበቃል፤ ጠጠሩ ይናገር» አሉ። በታላቅ ተጀመረ።

አንማው ተነሥቶ ጠጠሩን በካባው ክብ አኖረ። «ብርቄ ፊሽካ አትሰማም» አለ። ተመልሶም ተቀመጠ።

ይታይሽ ተነሣች። ወደ ወንዙ ክብ ላለማየት አንገቷን ደፍታ ሄደችና በገደሉ ክብ አኖረች። «በዓይኔ አይቻለሁ» አለች። «የገደሉን አናት ያላየ ወጥቶ ይይ። ከመጣ የሚጮኽ ጎረቤት እንኳ አይተርፍም።»

የቀረው ጓዴ ነው። ከገደሉ ቢያስቀምጥ ሜዳው የገደል ሥር ይሆናል። ከወንዙ ቢያስቀምጥ ሦስቱ እኩል ይሆናሉ፤ እኩል ከሆኑም ሰው ስለ ወንዙ ማውራት ይጀምራል። ይታይሽ ጣቶቿን አቆላልፋ ጠበቀች። የፈለገችው ሜዳውን እንኳ አልነበረም፤ አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ቤቷን እንዲጠራላት ነው።

ጓዴ ሦስቱን ክቦች ሲያይ ቆየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጠጠሩን ከአንማው ጠጠር አጠገብ፣ በገዛ ጎጡ ክብ ውስጥ አኖረ።

ከሕዝቡ መካከል «ኧረ በስመ አብ» የሚል ድምፅ ተሰማ። አንዲት ሴት ፊቷን አዞረች።

«ጓዴ» አሉ አባ ጌጡ በዝግታ። «ምን ማድረግህ ነው?»

«አያ አንድ ጠጠር ሰጥቶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። በአንድ ጠጠር ሜዳ አይገኝም።»

«በገዛ ደጅህ አሟረትክ።»

«ሟርቱማ ከመጣ ቆየ፣ አባ። በየቀኑ ፊሽካ እየተነፋለት ነው የሚመጣው። እኔ ዝም ስላልኩ የቀረ ድንጋይ አለ?» ወደ ብርቄ ጠቆመ። «ሰው ይናገርልኛል ብዬ ጠበቅኩ። ስጠብቅ ልጄ ደነቆረች። አሁን ደግሞ ምን እስክትሆን ልጠብቅ?»

ይታይሽ የወንድሟን ፊት አየች፤ ልትጠላው ፈልጋ አቃታት። እሱ የተናገረው እሷ በልቧ ስትለው የኖረችውን ነው። ልዩነቱ እሱ አፍ ማውጣቱ ነው። ለሷ የሚሆነውን ጠጠር ወስዶ ግን ነው አፍ ያወጣው።

«በኔ አሠራር ሁለት ጠጠር ሁለት ነው» አለች ዝናሽ። «ማን አስቀመጠው አልልም።»

«በኛ ደግሞ ሟርት አይቆጠርም» አሉ አባ ጌጡ። «ከተቆጠረ ይመጣል።»

«አባቴ፣ ብንቆጥረውም ባንቆጥረውም ይመጣል። እኔ የተላክሁት ስለሚመጣ ነው።»

በዚህ መካከል አንማው ተነሣ። በትሩን ተደግፎ ወደ ክቦቹ ሄደና ያስቀመጠውን ጠጠር ከካባው ክብ መልሶ አነሣው።

«አያ፣ ምነው?» አለ ጓዴ።

«እኔ ያስቀመጥኩት ስለ ራሱ ለማይናገር ሰው ነበር። አንተ ከተናገርክ የኔ ምን ያደርግልሃል?» ጠጠሩን በወንዙ ክብ አኖረው። «ፈንቴን ወንዙ ሲወስደው የገመዱን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ» አለ። «ገመዱ አልተበጠሰም። ከእጄ ነው ያመለጠኝ። እህቴ አንድ ቀን እንኳ ይህን አላነሣችብኝም። ስለ ወንዙም አንድ ቀን አልነገረችኝም። ዛሬም ልትነግረን አትችልምና እኔ ልንገራችሁ፤ ወንዙ መምጣቱ አይቀርም።»

ይታይሽ ይህን ቃል ከዓመት ዓመት ስትጠብቀው ኖራለች። ሲመጣ ግን ደስታ ይዞ አልመጣም። ቃሉን የተናገረላት የገደሉ አናት ላይ በትሩን የሰደደው ሰው ነው። ለራሱ ግን አንድ ቃል አልተናገረም።

አሁን በየክቡ አንዳንድ ጠጠር አለ። ዝናሽ ተነሥታ ልብሷን አራገፈች። ከላይኛው አገር የነጎድጓድ ድምፅ ተሰማ።

«እኔ መሻገር አለብኝ» አለች። «ሳትስማሙ ከሄድኩ ቆርቆሮውም ምሰሶውም ለሌላ ቀበሌ ይሰጣል፤ የሚጠብቁ ሞልተዋል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም አልቻልኩበትም። ስንት ጊዜ ይመጣል፣ ስንት ሰው ይነካል፣ ምን ያህል ይጎዳል ብለሽ ጠይቂ ተብዬ ተምሬያለሁ። በመጀመሪያው ጥያቄ ካባው ይቀድማል። በሁለተኛው ወንዙ። በሦስተኛው ገደሉ። ከዚህ በላይ የተማርኩት የለም።»

አባ ጌጡ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተንሾካሾኩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «አንማው ያኖረውን አነሣ። ጓዴ በራሱ ደጅ አኖረ። ሳይነካካ የቀረው የይታይሽ ጠጠር ብቻ ነው። እሷ ትቁረጥ። ላይ ሜዳን ጠጠሯ ያረፈበት ጎጥ ይውሰድ። ሌላው አፉን ይያዝ።»

ሕዝቡ «ይሁን» አለ። ዝናሽም «ይሁን» አለች። ጓዴም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

«ይታይሽ» አሉ አባ ጌጡ። «ባለበት ይቆይ ወይስ ይነሣ?»

ይታይሽ ወደ ክቦቹ ሄደች። ሰዉ ሁሉ ዓይኑ እሷ ላይ ነው። የገደል ሥር ሰዎች በአንድ ወገን ቆመዋል፤ ምራቲቱ ትንሹን ልጅ አዝላለች። የካባው ደጅ ሰዎች በሌላ ወገን። ብርቄ የአባቷን ጣት ይዛ የሰዉን አፍ ታያለች፤ የሚባለው ነገር ከፊታቸው ይነበብ እንደሆን። የወንዝ ዳር ሰዎች ከሁሉ ይበዛሉ። አንዳቸውም አላጉረመረሙም፤ ምን እንደሚፈልጉ ግን እሷ ታውቃለች። የራሷ ልጆች እዚያ መካከል ናቸው።

ጠጠሩ ከገደሉ ክብ ውስጥ ነው። ባለበት ብትተወው፣ ወንዙ ልጆቿን ቆጡ ላይ ያገኛቸዋል። ወደ ካባው ብትወስደው፣ ልማዱን የሰበረ ተሸለመ ይባላል፤ ብርቄ ግን ታድጋለች። ወደ ወንዙ ብትወስደው፣ እሷም በገዛ ደጇ ያሟረተች ትሆናለች፤ ያውም ከጓዴ የባሰች፣ ለወንድሟ የሰጠችውን ነጥቃ። አንዱን ቤት ብታወጣ ሁለቱን መቅበሯ ነው። ሜዳው ሰፊ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም ደጋጎች ነበሩ።

ነጎድጓዱ ደገመ። የመጀመሪያዋ ነጠብጣብ የሾላውን ቅጠል መታች።

ይታይሽ ጎንበስ ብላ ጠጠሩን አነሣችው።

ለምን እንዳነሣችው ገና ለራሷም አልነገረችም። መልሳ ልታስቀምጠው ይሆናል። ክብደቱን ልትመዝነው ይሆናል። በመዳፏ ጨብጣው ጓዴን አየች፣ ልጆቿን አየች። አንማውን ልታይ ዘወር ስትል፣ እሱ ባዶ የቀረውን የገደሉን ክብ እያየ ነበር።

አንማው ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣለ። በትሩን አነሣ። የቆሙትን ሰዎች በእጁ ገለጥ አድርጎ፣ ዝናቡ ውስጥ ገብቶ ወደ ገደል ሥር ሄደ። ምራቱ ልጁን እንዳዘለች ተከተለችው።

እንግዲህ የሰማችሁ ሁሉ ተከራከሩበት። አንዱ አደጋውን በገዛ እጁ ጠራ፣ ነገር ግን ለሌላው ተናገረ። አንዱ አደጋውን ሌላ ሰው አመጣበት፣ ነገር ግን ለራሱ ተናገረ። አንዷ ማንንም አልበደለችም፣ ነገር ግን ጠጠሩን አነሣች። ወንዙ እየሞላ ነው፤ ባለሙያዋም ቆማ ትጠብቃለች። ላይ ሜዳ ለማን ይገባል?